«እድሳት» የሚሉት ሌላ ማፍረስ

ረዥም ነው። ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ አሁን ካልተመቻችሁ ማታ አንብቡት።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ብዙዎቻችሁ የድሮ ፎቶ ለጥፋችሁ አዝናችኋል፣ ተናዳችኋል። ያኔ መባል ያለበት ተብሏል፤ አልደግመውም። ዛሬ የምጣላው ከዶዘሩ ጋር አይደለም። ዶዘር ቢያንስ አይዋሽም፤ ይመጣል፣ ያፈርሳል፣ ይሄዳል። የፈረሰውን ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ይከራከርበታል። እኔን የሚያንገበግበኝ በቅንነት የሚመጣው፣ ሪባን የሚቆረጥለት፣ ተጨብጭቦለት የሚያልፈው ማፍረስ ነው። ስሙ «እድሳት» ይባላል።

እስቲ ቃሉን እዩት። ማደስ ማለት አዲስ ማድረግ ነው። መንጃ ፈቃድ ይታደሳል፣ የኪራይ ውል ይታደሳል፣ የሚከራይ ክፍልም ተከራይ ሲለቅ ይታደሳል፤ ይሁን። ዋጋው እርጅናው የሆነን ነገር አዲስ ማድረግ ግን ምን ማለት ነው? የዘጠና ዓመት አባቱን ሐኪም ቤት ወስዶ «አዲስ አድርጉልኝ» የሚል ሰው አይታችኋል? «አክሙልኝ» ነው የሚባለው። አዋጁ እንኳን (209/1992 ማለቴ ነው) ርዕሱ «የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ» ነው። ጥናት ቀደመ፣ ጥበቃ ተከተለ። እድሳት የምንለውን እኛ ነን ከየት እንደሆነ አምጥተን ፊት ላይ ያስቀመጥነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን የራሱ ድርጅት ያለው፣ ባለፈው ክረምት ደወለልኝ። «ቲቸር፣ አንድ ሥራ ልወዳደር ነው፣ ቤቱ ቅርስ ነው፣ ሰነዱን እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ላከው። የሥራ ዝርዝሩ እንዲህ ይላል፦ ነባሩን ልስን ሙሉ በሙሉ ማራገፍና በሲሚንቶ መለሰን፤ የእንጨት ኮርኒሱን አንስቶ በጂፕሰም መተካት፤ መስኮቶቹን አውጥቶ አሉሚኒየም መግጠም፤ ወለሉን ሴራሚክ ማልበስ፤ ውጪውን ሦስት እጅ የፕላስቲክ ቀለም መቀባት። ደግሜ አነበብኩት። ከቤቱ የሚተርፈው ቁመቱና ስፋቱ ብቻ ነው።

ልጁን «ጣሪያው ያፈሳል ወይ?» አልኩት። ያፈሳል። «አሸንዳውስ?» ከተቀደደ ቆይቷል፤ ውሃው በሙሉ ግድግዳው ሥር ነው የሚወርደው። በዝርዝሩ ውስጥ ስለ አሸንዳው አንድ መስመር የለም! ቤቱን እያሳመመ ያለው አሸንዳው ነው፤ ሰነዱ የሚያዘው ግን ቆዳውን መግፈፍ ነው። ልጁ አማራጭ ሐሳብ ጽፎ አስገባ፤ አሠሪው መሥሪያ ቤት «ከዝርዝሩ ውጪ አንቀበልም» አለው፤ ተወው። ሌላ ሰው ወሰደው። ቤቱ አሁን አልቋል። በሩ ላይ የዕድሜውን ጽሑፍ ባይለጥፉበት ኖሮ የባንክ ቅርንጫፍ ነው የሚመስላችሁ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ክፋት አይደለም። አከፋፈሉ ነው። ኮንትራክተር የሚከፈለው በካሬ ሜትር ነው፤ ያራገፈውና የለሰነው ይለካል። ሳይነካ የተወው ጥሩ ልስን ግን በየትኛው መስመር ይከፈለዋል? ሦስት ሳምንት ግድግዳ ሲያይ፣ ፎቶ ሲያነሳ፣ ርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ሲከታተል የዋለ ባለሙያ በምን ሒሳብ ይጠየቅለታል? ጨረታው በትንሹ ዋጋ ያሸንፋል፣ ርክክቡ ከበዓል በፊት መሆን አለበት፣ ባለሥልጣኑ ሲመጣ የሚታይ ነገር ይፈልጋል። ጥሩ ጥገና ደግሞ ክፋቱ አይታይም። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ሰው መጥቶ «ምን ሠራችሁ?» ብሎ ከጠየቀ በትክክል ሠርታችኋል ማለት ነው። ይሄን ለሪፖርት ማቅረብ አይመችም።

አሁን ወደ ሲሚንቶው። ክፍል ውስጥ ስለፈልፍ የነበረውን የረሳችሁት ስላላችሁ ልድገመው።

ኖራ እንዴት እንደሚሠራ አስታውሱ። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሙቀት ሲቃጠል ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የቀረው ነጭ ነገር ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ይሰክናል፣ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ከአሸዋ ጋር ተለውሶ ግድግዳ ላይ ሲውል ደግሞ ያንን የወጣውን አየር ቀስ ብሎ መልሶ ይስባል፤ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ቀስ ብሎ ነው። ሳምንት፣ ወር፣ በውስጥ በኩል ከዚያም በላይ። ለስላሳ ነው፣ ውሃ ያስገባል፣ ያስወጣልም። ግድግዳው ትንሽ ቢንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ሲሚንቶ ሌላ ነገር ነው። ለአርማታ ድልድይ፣ ለፎቅ፣ ለግድብ ወደር የለውም፤ እኔ ጠላቱ አይደለሁም። ችግሩ ከአሮጌ ድንጋይ ይበልጥ ጠንካራና ድፍን መሆኑ ነው። በድሮ ግንብ ላይ መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ ስትሞሉት ከመሬት የሚወጣው ርጥበት መውጫ ያጣል። ያለው መውጫ ድንጋዩ ራሱ ነው። ውሃው በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ያመጣውን ጨው ድንጋዩ ፊት ላይ ጥሎ ይተናል፣ ጨው ሲደርቅ ያብጣል፣ ድንጋዩ ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይረግፋል። ከዓመታት በኋላ ታያላችሁ፦ የሲሚንቶው መስመር እንደ አጥንት ቆሞ፣ በመሀሉ ድንጋዩ ተበልቶ። መበላት የነበረበት መገጣጠሚያው ነበር። ኖራ የሚረግፈው ድንጋዩ እንዳይረግፍ ነው፤ ሲያልቅ ትሞሉታላችሁ፣ በቃ።

በጭቃ ቤት ላይ ደግሞ ይብሳል። የአዲስ አበባ የድሮ ቤቶች፣ እነዚያ ባለ ሰገነት፣ ባለ ጥልፍ በረንዳ ቤቶች፣ አብዛኛው ግድግዳቸው እንጨት ተተክሎ፣ በማገር ታስሮ፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። እዚያ ላይ የሽቦ መረብ በምስማር መትታችሁ ሲሚንቶ ስትለስኑት ለሁለት ዓመት ያምራል። ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ምክንያቱም ጭቃውና እንጨቱ ክረምትና በጋ ይነፋሉ ይሸሻሉ፣ ሲሚንቶው አይሸሽም። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ገብቶ አይወጣም። እንጨቱ ከታች መበስበስ ይጀምራል፣ ምስጥ ይጠራል። ውጪው አሁንም ድፍን ነው። አንድ ቀን ግድግዳው ሲያጋድል «ያረጀ ነው፣ ዕድሜው አልቋል» ይባልና የመፍረሻ ደብዳቤ ይጻፍለታል። ማን ገደለው? ያደሰው ሰው።

ይሄ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1931 አቴንስ ላይ የተሰበሰቡ የዓለም ባለሙያዎች አርማታን ለጥንት ሐውልቶች ጥገና መጠቀም ይቻላል ብለው ነበር፤ ያኔ አርማታ ተአምር ነበር። እዚያው አቴንስ፣ አክሮፖሊስ ላይ፣ ባላኖስ የሚባለው መሐንዲስ የወዳደቁትን እብነ በረዶች በብረት ማያያዣ ሲያቆም ዓመታት አሳልፏል። የጥንቶቹ ግሪኮች ብረቱን በእርሳስ ይሸፍኑት ነበር፤ እሱ አልሸፈነውም። ብረቱ ዛገ፣ አበጠ፣ ሁለት ሺህ ዓመት የቆመውን እብነ በረድ ሰነጠቀው። ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየተሠራ ካለው ትልቁ ሥራ አንዱ የእሱን ብረት እያወጡ በቲታኒየም መተካት ነው። ስንት አሥርት ዓመት፣ አንድን ጥገና ለመጠገን!

ጎንደርም እንዲሁ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በፋሲል ግቢ ሲሚንቶና አርማታ ገባ፤ ግንቡ የተሠራው ግን በኖራ ነው። በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ያንን እያወጡ በኖራ መተካት ነበረባቸው። በ2017 በግቢው ሥራ ጊዜ በየገጹ የነበረውን ጭቅጭቅ ታስታውሳላችሁ፤ ግማሹ «መልኩ ተቀየረ» ግማሹ «ድሮም የኖራ ልስን ነበረው» ይል ነበር። እኔን በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። መልሴ ያው ነው፦ ቀለም በስልክ ፎቶ አይፈረድም። መጠየቅ የነበረበት ሌላ ጥያቄ ነው። ከመነካቱ በፊት የነበረው ተለክቶ ተመዝግቧል ወይ? የድሮው ልስን ናሙና ተወስዶ ተመርምሯል ወይ? የተጨመረው ከነባሩ ተለይቶ ይታወቃል ወይ? ዘገባው ማንም ሊያነበው የሚችልበት ቦታ ተቀምጧል ወይ? በእነዚህ ላይ ብንጨቃጨቅ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

እነዚህን ጥያቄዎች ከኪሴ አላወጣኋቸውም። እ.ኤ.አ. በ1964 ቬኒስ ላይ የወጣው ቻርተር፣ ፈተና ላይ ሁሌ የማወጣው (አዎ፣ ያው እሱ)፣ ጠቅላላው አሥራ ስድስት አንቀጽ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዷን ብቻ ብታስታውሱልኝ ይበቃኛል፦ ግምት ሲጀምር ሥራው ይቆማል። የጠፋው የመስኮት ጥልፍ ምን ይመስል እንደነበር ፎቶ ካላችሁ፣ ወይ ጎን ያለው መስኮት ካለ፣ ሥሩት። ከሌላችሁ «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ አትሥሩ። ያን ጊዜ የምትሠሩት የቤቱን ታሪክ አይደለም፤ የራሳችሁን ምኞት ነው። የሚቀጥለው ትውልድ ደግሞ ያንተን ምኞት ታሪክ ነው ብሎ ያጠናዋል። የግድ የሚጨመር ነገር ካለም አብሮ ይሂድ፣ ግን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አዲስ መሆኑን ይወቅ። ይሄ ከባድ ነው?

ግምት ሲጀምር ያለመቆም ጉዳቱ በጣም የሚያመው በየገጠሩ ክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ላይ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል ብዙ ቦታ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይደለም የተሳለው፤ የጥጥ ጨርቅ ላይ ተስሎ ወይም ጨርቅ ተለጥፎበት ነው። ከጀርባው ጭቃ አለ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ጨርቁ ይላቀቃል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል። ኮሚቴ ይቋቋማል። ቀጥሎ የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ሠዓሊ ተጠርቶ በአዲስ የዘይት ቀለም ከላዩ ላይ «ያሳምረዋል»፣ ወይ ደግሞ ጠቅላላው ፈርሶ በቦታው ባለ ጉልላት የአርማታ ሕንፃ ይቆማል። ምዕመኑ ከጉሮሮው ነጥቆ ነው የሚያዋጣው፣ ያውም በውጭ ያሉት ልጆቻችን ከአሜሪካም ከአረብ አገርም ይልካሉ። ማንም ለክፋት አላደረገውም። የእግዚአብሔር ቤት ይመርልን ነው የሚሉት፤ ማን ይጣላቸዋል? እኔም አልጣላቸውም። የምለው አንድ ነው፦ ሰበካው አድጎ ከጠበበ አዲሱን ጎኑ ሥሩት፣ አሮጌውን ጣሪያውን አስተካክሉለትና ተዉት። ለጉልላቱ ከተዋጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለቆርቆሮና ለአሸንዳ ይበቃል።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚመጣ መልስ አለ፤ ኮሜንት ላይም ይመጣል፣ አውቃለሁ። «ይሄ የፈረንጅ ሕግ ነው፤ እኛ የራሳችን ባህል አለን፤ አባቶቻችን ሲያረጅ አፍርሰው ይሠሩ ነበር።» እሺ። ጃፓንንም ጨምሩበት፣ እኔ ላግዛችሁ። የኢሴ መቅደስ በየሃያ ዓመቱ ከሥሩ ተነስቶ ጎኑ ባለው ቦታ ላይ እንደገና ይሠራል፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ናራ ላይ የወጣው ሰነድም እውነተኛነት በየባህሉ ይለያል፣ በአንድ ሚዛን ብቻ አይለካም ብሏል። ትክክል ነው። ግን ጃፓኖቹ የሚሠሩት በአርማታ ነው እንዴ? በዚያው ዓይነት እንጨት፣ በዚያው አገጣጠም፣ ከአሮጌው አናጺ አጠገብ ወጣቱ አናጺ ቆሞ ነው። እንጨቱ ይለወጣል፣ እጁ ግን ይቀጥላል። እኛ አፍርሰን በፌሮና በብሎኬት ስንሠራ እንጨቱም ሄደ፣ እጁም ሄደ። ታዲያ የቱን ባህል ነው የጠበቅነው?

ደግሞ እኛ አፍራሾች ብቻ አልነበርንም። ክረምት ሲወጣ፣ መስከረም ሲጠባ እናቶቻችን ምን ያደርጉ ነበር? ግድግዳውን ይለቀልቁ አልነበር? የተሰነጠቀው ይመረጋል፣ የሳር ክዳኑ የሳሳው ይደረባል። በየዓመቱ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በዚያው በጭቃው፣ በዚያው በሳሩ። የቬኒሱ ቻርተር ስለ ጥበቃ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያነሳው ይሄንኑ ነው፦ የማያቋርጥ እንክብካቤ። እናቴ ቻርተሩን አላነበበችም። ሐረር ጁገል ግቡ፤ የሐረሪ ቤት ክብሩ ውስጡ ነው፣ ነደባው፣ በየደረጃው የሚቀመጥበት ሰው ማንነት። ውስጡን በሴራሚክ አልብሳችሁ የውጭውን አጥር ብቻ ብታቆዩ ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳ ይሆናል፤ የሐረሪ ቤት ግን አይደለም። ይሄንን ለማወቅ ፈረንጅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያከብደኛል። «አንተ ደረቅ ቤት ውስጥ ተቀምጠህ ስለ ጥልፍ በረንዳ ትጽፋለህ፤ ውስጡ የሚኖረው ሰው ሽንት ቤት የለውም።» እውነት ነው። አዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ በኋላ ስንቱ ትልቅ ቤት በክፍል በክፍል ተሸንሽኖ የቀበሌ ቤት ሆነ። ኪራዩ ትንሽ፣ ተከራዩ ባለቤት አይደለም፣ ቀበሌው ለጥገና በጀት የለውም። ቤቶቹ ያረጁት በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ግማሽ ክፍለ ዘመን ማንም ምስማር ሳይመታባቸው ነው። በዚያ ላይ «ቅርስ ነው» የሚል ታርጋ መጥቶ ተለጠፈ። ታርጋው «አትንካ» አለ እንጂ «እንዲህ ንካ» አላለም፣ ገንዘብም አላመጣም። ክረምት ሲመጣ ጣሪያው በእናትየዋ አልጋ ላይ ያፈሳል፤ ቆርቆሮ ለመቀየር ፈቃድ ሲጠይቁ ከቢሮ ቢሮ። ከዚያ ሰውየው ቤቱ እንዲወድቅ ቢጸልይ ይፈረድበታል?

እኔ በዚህ ሰው ላይ አልፈርድም። ግን መፍትሔው ቤቱን ባንክ ማስመሰልም አይደለም፣ ማፍረስም አይደለም። ሽንት ቤት ከኋላ ይጨመር፣ ኩሽና ይጨመር፣ መብራቱ በደንብ ይዘርጋ። ቻርተሩም ቢሆን ቤት ሰው ሲጠቀምበት እንደሚቆይ ነው የሚለው፤ ቤቱን ሙዚየም አድርጉት ያለ የለም። መንካት የሌለብን ጥቂቱን ነው፦ አጥንቱን፣ መስኮቱን፣ ደረጃውን፣ እጅ ያረፈበትን እንጨት። አውስትራሊያኖች በቡራ ቻርተራቸው በግድ የሚያስፈልገውን ያህል ንካ፣ ከዚያ ያነሰ የሚሆነውን ያህል ተው የሚል ሐሳብ አላቸው። ለእኛ ደሃ አገር ይሄ ቅንጦት ነው ይሉኛል። ኧረ ተዉ! ትንሽ መንካት ከብዙ መንካት ይረክሳል። አሸንዳ ከጂፕሰም ኮርኒስ ይረክሳል።

ላሊበላን ሳልጠቅስ ብቀር ትወቅሱኛላችሁ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የቆሙት ትልልቅ መጠለያዎች ጊዜያዊ ናቸው ተብለው ነበር፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆናቸው። ብዙ ሰው የሚናደድባቸው ስለማያምሩ ነው። እኔ ለእነሱ አንድ ነገር እከራከራለሁ፦ ሊነሱ ይችላሉ። ክብደታቸውና አቋቋማቸው ያሰጋል፣ ያ ሌላ ክርክር ነው፤ ግን ቢያንስ ድንጋዩ ላይ አልተለጠፉም። ለጊዜው የሚያድን፣ በኋላ የሚነሳ ነገር ከማይነሳ ነገር ይሻላል። ሲሚንቶ ድንጋዩን ሳይጎዳ አይነሳም። የዘይት ቀለም ከድሮ ሥዕል ላይ ቢነሳም አብሮት የሚነሳው ብዙ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ አሁን በየቢሮው ወንበር ይዛችኋል። የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ፣ ሦስት መስመር ጨምሩ፦ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለሚደረግ ልኬትና ፎቶ የሚከፈል፣ ለሙከራ ልስን የሚከፈል፣ ሳይነካ ለሚቆይ ነባር ልስን እንክብካቤ የሚከፈል። አማካሪ የሆናችሁ፣ የኖራ ሥራ በሁለት ሳምንት ይለቅ የሚል መርሐ ግብር ላይ አትፈርሙ። ሳይት ላይ ያላችሁ፣ በኖራ የሚሠራ የድሮ ግንበኛ ካገኛችሁ ሥራው ሳያልቅ ሁለት ወጣት አጠገቡ አቁሙ፤ እነዚያ ሰዎች እያለቁ ነው፣ እነሱ ካለቁ ሁላችንም ብንስማማ እንኳን የሚሠራልን የለም። የሰበካ ጉባኤ አባል የሆናችሁ ደግሞ፣ ስብሰባው ላይ «ይፍረስ» ከመባሉ በፊት አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ይውጣና የሚያፈስበትን ቦታ ይይ በሉ።

በዚህ ሰሞን «ሊታደስ ነው» የተባለ አሮጌ ቤት በሰፈራችሁ ካለ ሳይጀመር ሄዳችሁ ፎቶ አንሱ፤ አራቱንም ጎን፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ፣ ከተፈቀደላችሁ ውስጡን። ሜትር ካላችሁ ለኩ። በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ የሰዎቹን ስም አትጻፉ፣ ቤቱን ብቻ።